መንገዱ ሲቆረጥ ነርሷ እጅ ላይ ምን ይኑር?

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ነርስ ነኝ። የበሽሎን ሸለቆ ቁልቁል ከሚያይ አንድ የወሎ ጤና ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ዝውውር ደርሶኝ ልሄድ ነው። በእኔ ቦታ ገና የተመረቀች ልጅ ትመጣለች። ርክክብ ላይ ቁልፍና የዕቃ ዝርዝር እሰጣታለሁ፤ እሱ ግን አይበቃም። ስለዚህ በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ አንድ ጥያቄ ጣልኩ። መንገድ ሲቆረጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ስልክ ሲዘጋ አንዲት የገጠር ነርስ ከሁሉ አስቀድማ ምን ትያዝ?

የራሴንም ሐሳብ አብሬ ጻፍኩ። ከመድኃኒቱም ከፋሻውም በፊት ደብተር ትያዝ አልኩ። ነፍሰ ጡሮቹ እነማን ናቸው? ስኳር፣ ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ማን ነው? የቲቢ መድኃኒት የጀመረውስ? እያንዳንዱ ከየትኛው ጎጥ ነው? ይህን ሁሉ በአንድ ቀጭን ደብተር ጽፋ፣ መሮጥ ቢመጣ በነጠላዋ ጠቅልላ የምትይዘው ይሁን።

ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልዲያ ሲገባ፣ በጥቅምት 2014 መገባደጃ ደግሞ ደሴ ሲደርስ፣ እኛ መሀል ቀረን። መኪና የለም፣ ስልክ የለም። አንዲት የስኳር ታማሚ ልጅ ነበረችን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኢንሱሊኗን በየወሩ መጥታ ትወስዳለች። ከወንዙ ማዶ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ጎጧን ግን አላውቅም። ካርዷ ላይ አለ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ካርድ ክፍሉ ተዘረፈ፤ ካርዱ ሜዳ ላይ ተበተነ። እጄ ላይ ሦስት ብልቃጥ ኢንሱሊን ተርፎኝ ነበር። ለማን እንደምልከው አውቃለሁ። የት እንደምልከው አላውቅም። ኅዳር ላይ ማረፏን የሰማሁት በጥር ነው።

የውይይቱ ክር ሃያ መልስ ደረሰ። ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ ያኮረፈም የተሳደበም ነበረበት። እንዳለ ለመጪዋ ልጅ እንዲደርሳት በየተራ ቁጥሩ እተርከዋለሁ።

1

የመጀመሪያው መልስ ከደሴ መጣ። ነርሶችን የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ለልጅቷ አዘኑ፤ ደብተሩንም ደገፉት። አንድ ማረሚያ ግን ጨመሩ። ነፍሰ ጡር ስትመዘገብ ስንተኛ ወሯ እንደሆነ ሳይሆን በየትኛው ወር እንደምትወልድ ይጻፍ ነው የሚሉት። ስንተኛ ወር የሚለው ወሩ ባለፈ ቁጥር ይሳሳታል። የመውለጃዋ ወር ግን ያው ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን በዘጠኝ ዓመቴ አስቤው አላውቅም።

2

ሁለተኛዋ የለጋምቦ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ትንሽ ቅር ብሏታል። እኔ አዲስ ነገር አድርጌ ያቀረብኩት ደብተር ድሮም በየጤና ኬላው እንዳለ አስታወሰችን። የቤተሰብ ማኅደር ይባላል። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመድበው 5,000 ለሚሆን ሰው ቤት ለቤት ይዞራሉ። የማን ልጅ ክትባት እንዳመለጠው፣ የማን ሽንት ቤት በዝናብ እንደተደረመሰ ያውቃሉ። ማኅደሩ መደርደሪያ ሙሉ ስለሆነ ተሸክሞ አይሮጥም፤ ሴቶቹ ግን በቃላቸው ይዘውታል። ነርሶች የሚደውሉላቸው ሪፖርት ሲፈልጉ ብቻ መሆኑንም ሳትነግረን አላለፈችም።

ወቀሳዋን ተቀብያለሁ። ያቺ ልጅ ከየትኛው ጎጥ እንደሆነች የማዶዋ ጤና ኤክስቴንሽን ታውቅ ነበር። ያን ሰሞን ስልክ ተዘግቷል። ከዚያ በፊት ግን ስልኩ የሚሠራባቸው ስንት ዓመታት ነበሩኝ!

3

ሦስተኛው ከወልዲያ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ስም፣ ጎጥና ሕመም አንድ ላይ የተጻፈበት ደብተር መሣሪያ የያዘ ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚሆን ጠየቀኝ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሙ ጎረቤት ዘንድ ቢደርስስ? በሰው ሕይወት መቀለድ ነው ብሎ ደመደመ። ቃሉ ከበደኝ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ነገሩ ግን እውነት ነው።

በማግስቱ ተመልሶ የራሱን ዘዴ አስረዳ፤ ያኔ ድምፁ ለስልሶ ነበር። እሱ ስም አይጽፍም። ሰውየውን በቤቱ ምልክት ይይዘዋል፤ ከዋርካው በታች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እያለ። ሕመሙ ቁጥር ነው። የቁጥሩ ፍቺ ወረቀት ላይ የለም። እሱና አንዲት ባልደረባው ብቻ ያውቁታል። ሁለት ሰው የሆነው አንዱ ቢታመም ወይም ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ ነው። የእኔንም ደብተር በዚሁ መልክ እንደገና ጻፍኩት። አሮጌውን አቃጠልኩ።

4

የኮምቦልቻ የፋርማሲ ባለሙያ አራተኛ ሆነ። ደብተሩ ጥሩ ነው፤ ዋናው ግን ጭምጭምታ ሲሰማ መድኃኒቱ ከመጋዘን ወጥቶ ሰው ቤት መግባቱ ነው ባይ ነው። ጤና ጣቢያ ይዘረፋል። አንድ ሺህ ቤት ግን በአንድ ቀን አይዘረፍም። ለኤች አይ ቪ ሕክምናው የረጋላቸው ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር አስቀድሞም አለ። የግፊትና የሚጥል በሽታ መድኃኒትም ቢያንስ ለሦስት ወር ይሰጥ ሲል መከረ።

ስለ ኢንሱሊንም አነሳ። ብዙ ባለሙያ ፍሪጅ ከጠፋ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። በሥራ ላይ ያለ ኢንሱሊን ግን ቀዝቀዝ ባለ ጥላ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሌላውን በሸክላ ማቆየት ይቻላል። ትንሹን ማሰሮ ትልቁ ውስጥ አስቀምጦ፣ መሀሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት ነው። ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቀለላል። አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ይቀመጥና አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል።

5

የቆቦው ሰው አልተስማማም። የራያን ሐሩር የማያውቅ ሰው ምክር ነው አለ። ቆቦ ላይ በግንቦት ማሰሮውም ይሞቃል፤ ፍሪጅን አይተካም። ተስፋ ሰጥታችሁ ሰው አታዘናጉ የሚል መልእክት ነበረው። ለክትባት በጭራሽ እንዳይሞከርም አስጠነቀቀ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ማሰሮ እዚያ አይደርስም።

6

የደላንታዋ ደግሞ በተቃራኒው ውርጭን ፈራች። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ደጅ ያደረ ውኃ ግግር ይሠራል። ኢንሱሊን አንዴ ከበረደና ግግር ከሠራ ቢሟሟም አይመለስም፤ ይጣላል። ስለዚህ ደጋ ላይ ማሰሮው ማታ ማታ ቤት ውስጥ ይግባ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ወሎ እንዲህ ናት። በግማሽ ቀን መንገድ ከውርጭ ወደ በረሃ ትወርዳለህ። ከአዲስ አበባ የሚላክ አንድ መመሪያ ለሁለቱም አይሆንም።

7

አብሽሩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። አመሰግናለሁ።

8

ስምንተኛውን መልስ የጻፉት አባት ጡረታ ወጥተዋል። በልጃቸው ስልክ፣ ልጃቸው እየጻፈላቸው ነው። በ1977 ዓ.ም. ኮረም ድሬሰር ነበሩ። ያኔ ኮረም ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነች። የቢቢሲ ካሜራ በጥቅምት ወር ስፍራውን ለዓለም ባሳየ ጊዜ እሳቸው ለወራት እዚያው ቆይተዋል።

የነገሩንን ሁሉ ልጽፈው አልችልም። ሁለት ሦስት ነገር ግን ላስቀር አልፈልግም። ብዙው ሰው ከቆላ ወጥቶ የመጣ ነው። ኮረም ደግሞ ደጋ ነው። ሰው በረሃብ ብቻ ሳይሆን በሌሊት ብርድ ያልቅ ነበር። ማለዳ ወጥተው የሚያነሱት ሬሳ ሌሊቱ በከፋ ቁጥር ይበዛል። ከመድኃኒት ሣጥንና ከብርድ ልብስ አንዱን ምረጥ ቢባሉ ኖሮ ብርድ ልብሱን ይመርጡ ነበር። ቀጥሎ ቅማል ነው። ሰው ተጠጋግቶ ሲተኛ ተስቦና ግርሻ ገባ። ልብስ በበርሜል መቀቀል ከመርፌ የበለጠ ሰው አዳነ ብለው ያምናሉ። ማገዶው ግን ከየት ይምጣ? ለምግብ ማብሰያም አልበቃም።

ሦስተኛው የሚያማቸው ነው። ደርቆ የመጣ ሰው እህል ሲያገኝ አብዝቶ በላ። ዘመድ ደስ ብሎት አጎረሰው። በማግስቱ ሞተ። ያኔ ምክንያቱ አልገባቸውም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ያጎረሰው እጅ የገደለው እጅ መስሏቸው ኖረዋል። ከመካከላችን የሚያስረዳቸው ካለ እንዲያስረዳቸው ጠየቁ።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

9

አንድ ወጣት ድሬሰር ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። ሌሎች መለሱለት። ነርስና ሐኪም ባልነበረበት ዘመን አጭር ሥልጠና ወስዶ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ የጤና ሰው ነው። አያቶቻችን ዶክተር ይሉት የነበረው እሱን ነው። ከዚህ በኋላ ወሬው ወደየአካባቢው ድሬሰሮች ዞረ። የአንዱ አጎት በበቅሎ ይዞር ነበር። የሌላኛዋ አባት ጥርስም ይነቅሉ ነበር። እሱን ልለፈው።

10

የሰቆጣዋ የሥነ ምግብ ነርስ ለአባታችን ጥያቄ መልስ ይዛ መጣች። እንዲህ ያለ አክብሮት የተሞላበት ጽሑፍ መድረካችን ላይ ብዙ አላየሁም። የረጅም ጊዜ ረሃብ ሰውነትን ቀስ እያደረገ ይዘጋዋል። ልብም ኩላሊትም ሥራቸውን ይቀንሳሉ። በደም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሚዛኑን ያጣል። ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ የደከመው ልብ አይችለውም። ያጎረሰው እጅ ጥፋት የለበትም፤ ያኔ ያላወቀው ዘመድ ብቻ አልነበረም ብላ አጽናናቻቸው።

ዛሬ ስለዚህ የሚሠራውንም ዘረዘረች። በጣም የተጎዳና የተወሳሰበ ሕመም ያለው ሕፃን ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባለው ወተት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አለው። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ሲረጋ ነው ኃይሉ ከፍ ወዳለው ኤፍ-100 ወተት ወይም ፕላምፒነት ወደሚባለው የታሸገ የለውዝ ምግብ የሚሸጋገረው። የምግብ ፍላጎት ያለውና ሌላ ሕመም የሌለበት ሕፃን ደግሞ ሐኪም ቤት መተኛት አያስፈልገውም፤ ፕላምፒነቱን ይዞ ቤቱ ይሄዳል።

ለመጪዋ ነርስ የምለየው ይህን ነው። የክንድ መለኪያው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን ነው። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ። ግን ክንዱ አረንጓዴ ሆኖ እግሩ ያበጠ ልጅ አለ። ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ተጫኚው። ጎድጉዶ ከቀረ ልጁ ወፍሮ ሳይሆን ውኃ ይዞ ነው።

እናቶችንም ተከላከለችላቸው። 500 ኪሎ ካሎሪ ያለውን አንድ ፓኬት ፕላምፒነት ለአምስት ልጅ ያካፈለች እናት ስትሰደብ አይታለች። አራቱ እየተራቡ ለአንዱ ብቻ የምታጎርስ እናት ከየት ትምጣ? ቤቱ እህል ከሌለው የሕፃኑ መድኃኒት የቤቱ ምግብ መሆኑ አይቀርም። እኔም ይህን ስድብ ከአፌ አውጥቼ አውቃለሁ። ዳግም አይወጣም።

11

እስከዚህ በመከባበር ሄደን ነበር። አሥራ አንደኛው ሰው ግን በቁጣ ገባ። ነርሶች ስለ ደብተርና ስለ ማሰሮ ሲያወሩ መስማት እንደሰለቸው ጻፈ። እሱ ምጥ የያዛትን ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ አራት ሰዓት ተጉዟል። ሲደርስ ጤና ጣቢያው ተቆልፏል። ዘበኛ እንኳ የለም። ሕፃኗ ተረፈች፤ እናቷ ደም ፈሷት በሩ ላይ ቀረች። ነርሶቹ ከሁሉ ቀድመው በመኪና መውጣታቸውን ሰምቷል። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ሁሉ ከሃዲ ነው የሚል ቃል ጽፎ ጨረሰ።

12

ወዲያው አንዲት ነርስ መለሰችለት። እሷም አልራራችለትም። ከሸሹት አንዷ እኔ ነኝ አለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ልጅ አዝላ ሁለት ቀን በእግሯ ሄዳ ደሴ ገባች፤ መኪና የሚባል አላየችም። ደሴ ስትደርስም አልተኛችም። ተፈናቃይ በሞላበት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አንዱን መማሪያ ክፍል በአንሶላ ከልላ ስታዋልድ ሰነበተች። ደሴም በተራዋ ስትያዝ እንደገና ተሰደደች። ደመወዟ ለወራት ቆመ። ስትመለስ የጠበቃት የት ነበርሽ የሚል ጥያቄ ነው። ነርስም ቆዳዋ እንደ ሰው እንደሚቆረጥ ይወቅልኝ ስትል ደመደመች።

የማን ወገን ልሁን? እኔ ቀርቻለሁ። የቀረሁት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ልጅ አልነበረኝም፣ እናቴም እዚያው አጠገቤ ነበሩ። የሄደችውን መውቀስ አይሆንልኝም። የሰውየው ሐዘን ግን ልክ ነው። በሩ መቆለፍ አልነበረበትም። የምትሄድ ነርስ ቁልፉን ለሚቀር ሰው ትስጥ። ይህን በዕቃ ዝርዝሩ አናት ላይ ጽፌዋለሁ። ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚቀር ደግሞ በሰላሙ ጊዜ ይወሰን።

13

ተሰርዟል። ብሔር ጠርቶ የተሳደበ ሰው ነበር። አስተባባሪው ባጠፋው ጊዜ አመሰገንኩ።

14

ቁጣውን ያበረዱት የሐብሩው አዛውንት ናቸው። የቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማኅበር፣ ዳኛ ሆነው ኖረዋል። በመጀመሪያ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው የአላህን ሰብር ተመኙለት። ነርሷንም ልጄ እያሉ አጽናኑ። ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ።

የእሳቸው ቅሬ እስላምም ክርስቲያንም አንድ ላይ ያለበት ነው። ቅሬ ለቀብር ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። በሽተኛ መሸከምም የቅሬ ግዴታ ነው። ያልመጣ ይቀጣል። እሳቸው ዘንድ ሸካሚው በጎጥ ተከፍሎ ተመዝግቧል። አንድ ቃሬዛ ሲነሳ ስምንት ሰው ይወጣል። አራቱ ሲሸከም አራቱ ያርፋል፣ ዳገት ላይ ይቀያየራል። አንዱ ቃሬዛ መስጊዱ ዘንድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይቀመጣል። የማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ የቀረበው ይነሳል። ሌሊት ከሆነ ጥሩምባ ይነፋል።

ሌላም ነገሩን። ውጊያው ሲቃረብ የጤና ጣቢያቸውን የማዋለጃ ዕቃ፣ የሕፃን ሚዛኑንና ሶላር ፍሪጁን ሕዝቡ በሌሊት አጓጉዞ በየጎተራው ደበቀ። ማን ምን እንደያዘ ዳኛውና ነርሷ ብቻ ያውቁ ነበር። ሁሉም ተመለሰ። አንድ መቀስ ጎደለች፣ እሷንም ቅሬው ገዝቶ ተካ። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ሲያስረዱ ነርሷ በየለቅሶው የምትቀመጥ፣ በየቤቱ ቡና የጠጣች ልጅ መሆኗን አነሱ። ሰው የሚደብቀው የራሱን ነው።

ለመጪዋ ልጅ ይህን አደራ እላለሁ። ቅሬ ግቢ። በመጀመሪያው ወርሽ ግቢ። መዋጮው ትንሽ ነው።

15

የአምባሰሏ አዋላጅ ነርስ ለሁለት ሰው ጻፈች። መጀመሪያ ለባለቤቱ ሞት ላዘነው ሰው ነው። አራት ሰዓት መሸከሙ ሕፃኗን እንዳተረፋት፣ ሌላ ሊያደርግ የሚችለው ነገር እንዳልነበረ ነገረችው። ቀጥሎ ለመጪዋ ነርስ ነው። እናት ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈሳት የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ፍሪጅ ይፈልጋል። ሙቀት ካገኘው መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ ይጠፋል። ስለዚህ መብራት የሌለው ቦታ ሚዞፕሮስቶል ይቀመጥ። እንክብል ነው፣ ፍሪጅ አያሻውም። ባለ 200 ማይክሮ ግራሙ 3 ፍሬ፣ ልጁ እንደወጣ ትዋጠው። ግን ሆድ ውስጥ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩ በእጅ ይረጋገጥ። መንታ እያለ ከተሰጠ አደጋ ነው። ይህን የጤና ኤክስቴንሽኗም ትወቀው፣ እንክብሉም እሷ ዘንድ ይኑር።

ለተወለደው ደግሞ ወዲያው ማድረቅ፣ ከእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማስተኛት፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መሸፈን ነው። በስደት መንገድ ላይ፣ ዛፍ ሥር ያዋለደችውን ሕፃን በዚህ ብቻ አሙቃ አሳድራለች። ልጁ ዘንድሮ አራት ዓመት ሞላው።

16

የታሪክ ወዳድ ሰው መጣ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሆስፒታልም መመታቱን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ያን ቀን ከተማው ውስጥ እንደነበሩ አስታወሰ። የቀይ መስቀል ምልክት ያኔም አላዳነም፣ ስለዚህ ምልክት አትመኑ ለማለት ነው። ከርዕሱ ራቅ ያለ ቢመስልም ልክ ነው። ዕቃ ከጤና ጣቢያው ግቢ ውጭም ይቀመጥ የሚለውን የቅሬውን ነገር ያጠናክራል።

17

ስለ ተቅማጥ ምክር የሰጠ ሰው ኦአርኤሱን በጥብጦ ማፍላት ይበልጥ ይገድላል፣ ጀርሙን ማለቱ ነው፣ ብሎ ጻፈ። በቅን ልብ ነው። ስሕተት ነው።

18

የአቀስታው ነርስ ወዲያው አረመው፤ ትንሽም ቆጣ ብሏል። መጀመሪያ ውኃው ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ይበጠበጣል። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም። ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋል። ፓኬት ከጠፋ በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ ሆኖ፣ ሳይቆለል። ጨው ካበዙት ልጁን ይጎዳል። ለሕፃናት ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨመራል፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። የኮሌራ ትውከት ለፈሰሰበት ወለል ባለ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ይቀየጣል። ለእጅ መታጠቢያ ግን ይህ ይበረታል፤ ለመጠጥማ ጨርሶ አይሆንም። የ17ኛው ሰው አመስግኖ ጽሑፉን አስተካከለ። እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።

19

የ11ኛው ሰው ተመለሰ። ይቅርታም አልጠየቀም፣ ስድቡንም አልደገመም። ሕፃኗን እያሳደጋት ነው። አያቷ ዘንድ ገጠር ስላለች የኩፍኝ ክትባት አልወሰደችም። ጊዜው አልፎባታል ወይ? ይኸው ነው ጥያቄው።

አምስት ሰው በአንድ ጊዜ መለሰለት፤ ከመላሾቹ አንዷ 12ኛዋ ነርስ ናት። የኩፍኝ ክትባት መደበኛ ጊዜው በ9 እና በ15 ወር ነው። ያመለጣት ልጅ ግን አሁንም ትከተባለች። ነገ ይውሰዳት። ካርድ ባይኖራትም አይመልሷትም። ነርሷ የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ፣ የክትባቱንም ቀን ጻፈችለት። ወስዷት እንደሆነ እስካሁን አልጻፈም።

20

ትናንት ማታ መጪዋ ልጅ ራሷ ብቅ አለች። ክሩን ሁለቴ እንዳነበበችው ነገረችን። ፈርታለች፤ መፍራቷንም አልደበቀችም። በትምህርት ቤት ስለ አደጋ ጊዜ ነርሲንግ ተምራለች፤ ስለ ቃሬዛና ስለ ጥሩምባ ግን ማንም አልነገራትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎጦች ስንት ሰዓት ያስኬዳሉ?

እህት ዓለም፣ በበጋ ሦስት ሰዓት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከወጣሽ ፀሐይ ሳትከር ትደርሻለሽ። በትር ያዢ፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። የማዶዋ ጤና ኤክስቴንሽን ወንዙ ዳር ወርዳ ትቀበልሻለች፤ ነግሬያታለሁ። ደብተሩ ላይ ማዶ አሥራ አንድ ቤት አለ። ከነሱ ሁለቱ ኢንሱሊን የሚወስዱ ናቸው። የቁጥሮቹን ፍቺ ስንገናኝ በጆሮሽ እነግርሻለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ይሞላል፣ ማንም አይሻገረውም። ስለዚህ የክረምቱን መድኃኒት ሰኔ ሳይጋመስ አድርሺላቸው፣ ማሰሮውንም ስትሄጂ እይው።